ከአጥር ማዶ የተሳለምነው ሐውልት

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ ቅርስ፣ መናፈሻና መንገድ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ከሰላሌ መጥተው እኔ ዘንድ ሰነበቱ። ዕድሜያቸው 80ን ተሻግሯል። የመጡት ለሕክምና ነበር። አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ስንወጣ ቆም አሉና፣ «ያ የሰማዕታቱ ሐውልት ከዚህ ሩቅ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሩቅ አልነበረም። ታክሲ ይዘን ስድስት ኪሎ ሄድን። «ሐውልቱ ጋ ወራጅ አለ» ብዬ አስቆምኩና ወረድን።

ሐውልቱ አደባባይ መሃል ነው። መኪናው ደግሞ አያልቅም። አጎቴ ከዘራቸውን ተደግፈው አንድ እርምጃ ወደፊት ይላሉ፤ መኪና ሲመጣ መልሰው ወደ ዳር ይወጣሉ። እንዲህ እያልን ብዙ ቆየን። በመጨረሻ አንድ የታክሲ ሾፌር አዘነልንና ቆመ፤ እለፉ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠን። ተሻገርን። የአጥሩ በር ግን ተቆልፎ ነበር። ዙሪያውን ዞርን። የሚከፍትልን ሰው አላገኘንም።

አጎቴ አልተናደዱም። ባርኔጣቸውን አወለቁ። የአጥሩን ብረት ያዙ። በሩ የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንደቆመ ሰው ሦስት ጊዜ እጅ ነሱና ተሳለሙ። ከዚያ ቀና ብለው በነሐስ የተቀረጹትን ሰዎች ለረጅም ጊዜ አዩ። «የእኛ አገር መነኮሳት ደም ከዚህ የተቀዳ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ምን ተጽፎበታል? እስቲ አንብብልኝ» አሉ።

ከቆምንበት አይነበብም። በቃሌ እንዳልነግራቸው ደግሞ አላውቀውም። ተወልጄ ያደግሁት ከዚህ አደባባይ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ነው። በዙሪያው ሺህ ጊዜ አልፌአለሁ። አጎቴ ዞረው አዩኝና ምንም ሳይሉ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከልቤ ስላልወጣ ነው።

አጎቴ ያሉትን ነገር ለማያውቅ ወጣት ላስረዳ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዕለቱ ዓርብ ነበር። የፋሺስት ጣሊያን እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደጅ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ ሰበሰበ። ሰበቡ የጣሊያን አልጋ ወራሽ ልጅ ወለዱ ተብሎ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ከሕዝቡ መሃል የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ክፉኛ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ወታደሮቹ ወዲያው በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ መተኮስ ጀመሩ። ምጽዋት ሊቀበል የመጣ ችግረኛ፣ ዓይነ ስውር፣ ሽማግሌ፣ ልጅ ያዘለች እናት ሳይሉ ፈጁት።

በዚያ አላበቃም። ለሦስት ቀን ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ በከተማው ተለቀቁ። ጎጆዎች ላይ ቤንዚን እያርከፈከፉ ከነሰዎቻቸው አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30 ሺህ ነው። በኋላ የተደረገ ጥናት ወደ 19 ሺህ ያደርሰዋል። የትኛውም ቢሆን፣ ያኔ ከነበረችው ትንሽ ከተማ ላይ ስንት ሰው እንደጎደለ አስቡት። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ሰው ያልሞተበት ቤተሰብ ማግኘት ከባድ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ፣ በግንቦት፣ ቅጣቱ እዚያው ሰላሌ ያለው የደብረ ሊባኖስ ገዳም ደረሰ። ገዳሙ አብርሃንና ሞገስን ደብቋል ተብሎ ተወነጀለ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ባስተላለፈው መልእክት 297 መነኮሳት መረሸናቸውን ገልጿል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ደግሞ 129 ዲያቆናት ጨመረ። ኋላ የተጠናው ቁጥር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። አጎቴ «ከዚህ የተቀዳ ነው» ያሉት ይህንን ነው። ለእሳቸው ስድስት ኪሎና ደብረ ሊባኖስ አንድ ታሪክ ናቸው። በእግራቸው እስከ አጥሩ ድረስ የመጡትም ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ቦታው ልመለስ። ቦምቡ የተወረወረበት ቤተ መንግሥት ዛሬም አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ውስጥ ነው። ሐውልቱ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ነው። ግፉ የተፈጸመበት ደጅና ግፉ የሚታሰብበት ሐውልት በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ብቻ ይለያያቸዋል። ይህ በየትም የሚገኝ ነገር አይደለም። ብዙ አገር መታሰቢያው አንድ ቦታ፣ ድርጊቱ ሌላ ቦታ ነው። እኛ ሁለቱም አንድ ሰፈር ውስጥ አሉን። ግን አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ አንድ ቀስት፣ አንድ የጽሑፍ ሰሌዳ እኔ አላየሁም።

ሐውልቱ ራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1955 ነው የቆመው። ቁመቱ 28 ሜትር ነው። የዩጎዝላቪያው መሪ ቲቶ ለኢትዮጵያ ያበረከቱት ስጦታ ነው። የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሚባሉ ሁለት የክሮኤሺያ ቀራፂዎች ናቸው። አውጉስቲንቺች ቀላል ሰው አይደለም። ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ያለውን «ሰላም» የሚባለውን የፈረሰኛ ሐውልት የሠራው እሱ ነው። ሐረር የነበረውን የራስ መኮንን ሐውልትም እሱ ነው የሠራው። ያኛው በ2012 ዓ.ም. በነበረው ሁከት ፈርሷል። እንዲህ ያለ እጅ ያረፈበት ሥራ መንደራችን መሃል ቆሞ፣ እኛ ታክሲ ማስቆሚያ ምልክት አድርገነዋል። «ሐውልቱን እንዳለፍክ» እንላለን። አቅጣጫ ስንነግር ስሙን እንጠራዋለን፤ ታሪኩን ግን አናነሳውም።

የስሙም ነገር እንደዚሁ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የካቲት 12 ነው። አደባባዩ የካቲት 12፣ ሆስፒታሉ የካቲት 12፤ ትምህርት ቤቱም ለረጅም ዘመን የካቲት 12 ሲባል ኖሯል። ሆስፒታሉ ራስ ተፈሪ ቤተ ሳይዳ ብለው ያቋቋሙት ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ እቴጌ መነን እ.ኤ.አ. በ1931 ለሴቶች ልጆች የከፈቱት ነው። ሴት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት መላክ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን! ከዚያ በር የወጡ ሴቶች ኋላ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሆስፒታሉ፣ በየትምህርት ቤቱ ገብተው አገር አገልግለዋል። ዛሬ በዚያ በር የሚገቡ ልጆች ይህንን ከበሩ ላይ ቢያነቡት ምን ይጎዳል?

ስለ ደረጃው ሳልነግራችሁ ግን አላልፍም። ለእኔ ከከተማችን መታሰቢያዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። የትም አይወስድም። ሰማይ ላይ ያልቃል። የሠሩት ፋሺስቶች ናቸው። ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን አኖሩ። ሥርዓታቸው ሲቆይ ደረጃውም ከፍ ሊል ነው። በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ደጅ የራሳቸውን ዕድሜ እየቆጠሩ ነበር።

ከድል በኋላ ደረጃው መፍረስ ይችል ነበር። ማንም አይወቅስም ነበር። ግን አልፈረሰም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ትንሽ አንበሳ ናት፤ ከሩቅ ላታዩዋት ትችላላችሁ። እርከኖቹን ስትቆጥሩ የጠላትን ዕድሜ ትቆጥራላችሁ፤ ስትጨርሱ አንበሳውን ታገኙታላችሁ። አንድም ቃል ሳይጻፍበት ሁሉን የሚናገር ነገር ነው። እኔ ይህንን የተረዳሁት ግን ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ እሱንም አንድ የታሪክ መምህር እዚያው አቁሞ ስላስረዳኝ። ከዚያ በፊት ፎቶ መነሻ ይመስለኝ ነበር። ብዙ ተማሪ ዛሬም እዚያ ተቀምጦ ምሳውን እየጠበቀ ያወራል። እሱ ጥሩ ነው፤ ቦታው ሕይወት ይኑረው። ግን የተቀመጠበትን ይወቅ።

ቤተ መንግሥቱም እንዲሁ የዘመን ክምችት ነው። በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ በነመንግሥቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ፣ ባለሥልጣናቱ ታግተው የተረሸኑት እዚያው፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ከሟቾቹ አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። አምስቱን የጠላት ዘመን በዱር በገደል የተዋጉት አርበኛ፣ ግራዚያኒ በቆሰለበት ቤተ መንግሥት ውስጥ በወገን ጥይት ወደቁ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ቤቱን አልፈለጉትም። ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ቀጥሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እዚያው ተከፈተ፤ ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው አደራጁት። ዛሬ የንጉሡን መኝታ ቤት በሙዚየሙ ውስጥ ማየት ይቻላል። መስታወቱ ላይ በዚያ በታኅሣሡ ግርግር የተመታ የጥይት ቀዳዳ አለ። እዚያ ፊት ቆሞ ዝም የማይል ሰው አላየሁም።

ከዩኒቨርሲቲው ወጥታችሁ ወደ አፍንጮ በር ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ዘመን ይጠብቃችኋል። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው የተመታው እዚያ አካባቢ ነው። በማግሥቱ አስከሬኑን ይዘው በግቢው በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ክብር ዘበኛ ተኮሰ። የሞቱ ልጆች ነበሩ። ስለዚያ ትውልድ ያለን አስተያየት የተለያየ ነው። ቤታችን ውስጥም እንከራከራለን። ግን አንድ ወጣት እዚህ መንገድ ላይ ተገደለ የሚለው ነገር የሚያከራክር አይደለም። ቦታው ምልክት ይገባዋል።

አንበሳ ግቢንም አልረሳሁትም። እ.ኤ.አ. በ1948 ነው የተቋቋመው። የሰፈራችን ልጆች መናፈሻ እሱ ነበር። ከትምህርት ቤት ተሰልፈን እጅ ለእጅ ተያይዘን የሄድንበት፣ በበዓል ቀን አዲስ ልብስ ለብሰን ፎቶ የተነሳንበት። ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶቹ ሲያገሱ ማለዳ እስከ ሰፈራችን ይሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረ መል ጥናት እነዚህ አንበሶች ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የሚለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ይኸውላችሁ፤ ሐውልት፣ ቤተ መንግሥት፣ ደረጃ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ የአንበሶች ግቢ። ሁሉም በአንድ አደባባይ ዙሪያ። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ቢራመድ ሁሉንም በግማሽ ቀን አይቶ ይጨርሳል።

የምጠይቃችሁ ታዲያ ምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት የሐውልቱ በር በየቀኑ ይከፈት። የካቲት 12 ሲደርስ አበባ ይቀመጣል፣ አርበኞች ይሰለፋሉ፣ ንግግር ይደረጋል። ደስ ይላል። ግን ሰው ሙታኑን የሚያስባቸው ቀን ተቆርጦለት አይደለም። አጎቴ የመጡት በሰኔ ነው። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የመጣ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያስገባ የመጣ፣ ከውጭ አገር ለሁለት ሳምንት የመጣ ሰው የካቲትን ጠብቆ አይመጣም። ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ይሁን። ጥበቃ ይኑር፤ ማንም አይቃወምም። ጥበቃው ግን የሚያስገባ ጥበቃ ይሁን።

ቀጥሎ መሻገሪያው ነው። ወደ አደባባዩ የሚያደርስ ዜብራና የእግረኛ መብራት ያስፈልጋል። አደባባይ መሃል መታሰቢያ ማቆም የድሮ ልማድ ነው፤ ያኔ መኪናው ጥቂት ነበር። አሁን መኪናው አጥር ሆኖበታል። ከተማችን በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችን እየሠራች ነው። በሌሊት እንኳ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ሲንሸራሸር እያየን ነው። ያ መንገድ እስከ ሐውልቱ እግር ድረስ ይምጣ። በዊልቸር የሚሄድ ሰውም፣ እንደ አጎቴ በከዘራ የሚሄድም፣ ጋሪ የምትገፋ እናትም ሳይፈሩ ይድረሱ። ዛፍ ይተከል። ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ። ሐዘን መቀመጫ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ጽሑፉ ነው፤ ለእኔ ትልቁም እሱ ነው። በሐውልቱ፣ በዩኒቨርሲቲው በር፣ በትምህርት ቤቱ፣ በሆስፒታሉ፣ በአንበሳ ግቢ፣ በአፍንጮ በር አንድ አንድ ሰሌዳ ይቁም። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ ለእንግዶችም በእንግሊዝኛ። አንዱ ላይ የሌላው አቅጣጫ ይኑር፤ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመራ ይሂድ። ጽሑፉ አጭርና ግልጽ ይሁን። «የጀግኖች መታሰቢያ» ብሎ መጨረስ አይበቃም። ምን ሆነ? መቼ? ማን? የአብርሃና የሞገስ ስም ይጻፍ። ሁለቱም የኤርትራ ልጆች እንደነበሩ ይጻፍ። በመኪናው ይዟቸው ከከተማ ያወጣቸውና ኋላ ተይዞ በሥቃይ የሞተው የስምዖን አደፍርስም ስም ይጻፍ። ስምዖንን ስንቱ ሰው ያውቀዋል? ያለ እሱ ግን ሁለቱ ከግቢው ደጅ ብዙም አይርቁም ነበር። ስማቸው የማይታወቅ ድሆችም አሉ፤ ሊመጸወቱ ወጥተው ያልተመለሱ። ስለ እነሱም አንድ መስመር ይኑር።

ጽሑፉን የሚያዘጋጁት ደግሞ የታሪክ ባለሙያዎች ይሁኑ። ከመንገድ ማዶ ዩኒቨርሲቲ አለ! የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ። በየሰሌዳው ላይ ቀን ሲሳሳት፣ ስም ሲጣመም አይተን አዝነናልና ይህ ጉዳይ በጥድፊያ አይሠራ። ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ቦታ ነው፤ በሩ ላይ መታወቂያ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ፣ ከሐውልቱ ተነስቶ እስከ ደረጃው ድረስ የሚያስጎበኝ ሰው ቢመደብ ሁለቱ ቦታዎች መልሰው ይገናኛሉ። የታሪክ ተማሪዎች ይህንን በደስታ የሚሠሩት ይመስለኛል።

«ይህ አሁን ይቻላል ወይ?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ከተማችን ከዚህ የከበደ ነገር ሠርታለች። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ግንባታ ሲነሳ ብዙዎቻችን ተጨንቀን ነበር። አይመለስም ያለ ብዙ ነው። ግን ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጦ ቆየና በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ደግሞ ጭራሽ ሳይነካ ባቡሩ ከሥሩ በዋሻ እንዲያልፍ ሆነ። ይህን የሠራ ከተማ ዜብራ መቀባትና ሰሌዳ መትከል ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

የምኒልክን ሐውልት ካነሳሁ፣ ጣሊያን አዲስ አበባ እንደገባ ያወረደውና የቀበረው እሱን ነበር። ለምን? ድንጋይና ነሐስ ምን አደረገው? ጠላት ሐውልት ምን እንደሚሠራ ያውቅ ነበር። አድዋን የሚያስታውስ ነገር ዓይን ላይ እንዲቆም አልፈለገም። ከነፃነት በኋላ አባቶቻችን ቆፍረው መልሰው አቆሙት። እነሱም ያውቁ ነበር። ግራዚያኒ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ሰው ያስፈጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ጣሊያን ውስጥ አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ተሠርቶለታል። ይህን የሰማሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የገዳዩን ስም ለማስታወስ የሚደክም ሰው ካለ፣ የተገደሉትን እኛ ምን ያህል ልንደክምላቸው ይገባል?

ስለ ቤቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ሰፈር የድሮ የእንጨት ሰገነት ያላቸው ቤቶች አሉ። ጭቃ ቤት ቢሆኑም ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው በጥርብ የተጌጠ። የትኛው በቅርስነት ተመዝግቧል፣ የትኛው አልተመዘገበም? ነዋሪው አያውቅም። እኔም አላውቅም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙዎቻችን ስልካችንን ይዘን ለመጨረሻ ጊዜ ፎቶ ልናነሳ ተሯሩጠናል። ያን ዓይነት ሩጫ ድጋሚ አልፈልግም። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሳ ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 የታሪክና የባህል ቅርስን የመንከባከብ ኃላፊነት የመንግሥት ነው ይላል። ሕጉ አለ። እንግዲያው የተመዘገቡት ቤቶች ዝርዝር በየወረዳው ይለጠፍ። በየቤቱ ደጅ ትንሽ ምልክት ትደረግ። ሰው ቤቱ ቅርስ መሆኑን ሲያውቅ ይጠብቀዋል፤ ጎረቤትም ይጠብቅለታል። መነሳቱ የግድ የሆነ ቤት ካለ ደግሞ አስቀድሞ ይለካ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ማን እንደኖረበት ይጻፍ። ነዋሪውም ይጠየቅ። ቤት ሲነሳ ግድግዳው ብቻ አይደለም የሚነሳው፤ ዕድሩም፣ ጉርብትናውም አብሮ ነው።

ጊዜ የማይሰጥ አንድ ነገር አለ። በ1929 ዓ.ም. የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ90 ዓመት በላይ ነው። ያንን ቀን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ካሉ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእናታቸውና ከአባታቸው አፍ የሰሙት ደግሞ እንደ አጎቴ 80ውን አልፈዋል። እባካችሁ ድምፃቸው ይቀዳ። ትልቅ በጀት አይፈልግም። አንድ መቅረጫ፣ አንድ ትዕግሥተኛ ወጣት፣ አንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ይበቃል። በየሰፈሩ ዕድር ቢጠየቅ ማን ምን እንደሚያውቅ ይነግራችኋል። አጎቴ ስለ ደብረ ሊባኖስ ከእናታቸው የሰሙትን አንድ ማታ አጫውተውኛል። በስልኬ ቀድቼዋለሁ። የ40 ደቂቃ ድምፅ ነው። መካከል ላይ ዝም የሚሉበት ቦታ አለ፤ እሱንም አልቆረጥኩትም። የሚቀበል ተቋም ካለ ዛሬውኑ እሰጣለሁ። እሳቸውም ፈቅደዋል።

በበኩሌ ከደብዳቤ ያለፈ ነገርም ለማድረግ ዝግጁ ነኝ። የሰሌዳ ወጪ ከባድ ከሆነ የሰፈሩ ሰው ያዋጣል። የድሮ ተማሪዎች አሉ፤ የእቴጌ መነን ልጆች ዛሬ አያቶች ናቸው፣ ትምህርት ቤታቸውን አይረሱም። ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ የሚያስጎበኙ ወጣቶችን አውቃለሁ። ዛፍ የሚያጠጣ፣ አጥሩን የሚቀባ አይጠፋም። ከእናንተ የምንፈልገው ፈቃዱን፣ መሻገሪያውንና ቁልፉን ነው።

አጎቴ አሁን ደህና ናቸው። ለጥምቀት እመጣለሁ ብለውኛል፤ የሐኪም ቀጠሯቸውም ከዚያ ሳምንት ጋር ገጥሟል። ስንደዋወል ስለ ጤናቸው ትንሽ ያወሩና፣ «ያ በር ተከፈተ እንዴ?» ይሉኛል። እስካሁን «ገና ነው አባባ» እያልኩ ነው። ለጥምቀት ሲመጡ ይዣቸው እሄዳለሁ። ጽሑፉን ከሥሩ ቆሜ ላነብላቸው እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስድስት ኪሎ ልጅ